ልጄ ስሙን ለድራፍት ያስገባ ወይስ አንድ ዓመት ይቆይ?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ መካከለኛ በሚባል የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ በሚጫወት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነው፤ በጁን 21 ዓመት ይሞላዋል። ቁመቱ በኮሌጁ ዝርዝር ላይ 6 ጫማ ከ6 ኢንች ተብሎ ተጽፏል። ዘንድሮ በ31 ጨዋታ 380 ጊዜ ወርውሮ 471 ነጥብ አስቆጥሯል። ከ92 የባለ ሦስት ነጥብ ሙከራ 38 አግብቷል፣ ከ120 የቅጣት ውርወራ ደግሞ 81። አሲስቱ (ነጥብ ያስገኘ ቅብብሉ) 49፣ ያስነጠቀውና ያበላሸው ኳስ 71፣ እሱ የነጠቀው 22 ነው። ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው በየሳምንቱ እየደወለ ‹አንደኛ ዙር ላይ ይገባል› ይለኛል። ወንድሜ ‹ዕድል ሁለቴ አያንኳኳም› ይላል። አሠልጣኙ ‹ይቆይ› ይላል፤ ግን ቡድኑ እንዳይጎዳበት ብሎ ይሆን ብዬ እጠራጠራለሁ። እኔ ስለ ኳስ አላውቅም። ማንን ልመን? እናት ነኝ»

ውድ እናት፣

ኳስ አለማወቅዎ አያሳስብዎት። የስካውት፣ ማለትም ለቡድን ተጫዋች የሚያጠና ሰው፣ ሥራ አብዛኛው መቁጠር፣ መለካትና ደጋግሞ ማየት ነው፤ እርስዎም ከሳሎንዎ ሆነው ብዙውን ማድረግ ይችላሉ። ድራፍት የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሁለት ዙር በተራ የሚመርጡበት ነው። እንዳናጓጓዎት መልሱን አስቀድመን እንንገርዎ፦ በላኩልን ቁጥሮች ስናየው ልጅዎ ዛሬ የአንደኛ ዙር ተጫዋች አይመስለንም። ይህን ያስባለንን አንድ በአንድ እናሳይዎታለን። ቁጥሩ የማይነግረንን፣ ማለትም ሰውነቱንና በቪዲዮ የሚታየውን ነገር፣ ራስዎ እንዲያጣሩ መንገዱንም እንጽፋለን።

የኤንቢኤ ቡድን ተጫዋች ሲመርጥ ዘንድሮ ላስቆጠረው ነጥብ ብሎ አይከፍለውም። ልጅዎ በኮሌጁ ኳሱ በእጁ ነው፤ ጨዋታው በእሱ ዙሪያ ይሠራል። ኤንቢኤ ሲገባ ኳሱን የሚይዙት ከእሱ የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። እሱ ኮርነር (የሜዳው ማዕዘን) ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኳስ ሲመጣለት ይወረውራል ወይ ያሳልፋል፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከባድ ተጋጣሚን ይከላከላል። ስለዚህ ስካውቱ የሚጠይቀው «ይህ ልጅ በ23 ዓመቱ፣ ኳሱ ሳይሰጠው፣ የትኛውን ሥራ ይሠራልናል?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ለዚች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ከነጥቡ እንጀምርና ቶሎ እንለፈው። በጨዋታ 15 ነጥብ ያምራል፣ ግን ስንት ውርወራ በልቶ ነው? ስካውቶች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የቅጣት ውርወራውን በ0.44 ያባዛሉ፣ ከሜዳ ውርወራው ጋር ይደምሩታል፣ በ2 ያባዙታል፣ ከዚያ ነጥቡን ለዚያ ያካፍላሉ። ለልጅዎ 120 በ0.44 ሲባዛ 52.8 ይሆናል፤ ከ380 ጋር 432.8፤ በ2 ሲባዛ 865.6። 471 ለዚህ ሲካፈል 54 በመቶ ግድም ይመጣል። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በመካከለኛ ሊግ ውስጥ የቡድኑ ዋና አጥቂ ለሆነ ልጅ፣ አንደኛ ዙር የሚያስገባ ቁጥር ነው ብለን አንዋሽዎትም።

ኤጀንት ነኝ ባዩ ሰው አጥብቆ የሚያነሳው የባለ ሦስቱን 41 በመቶ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። 92 ሙከራ በጣም ትንሽ ነው። ከገቡት 38 ውርወራዎች አምስቱ ብቻ ቀለበቱን ዞረው ቢወጡ ኖሮ 36 በመቶ ይሆን ነበር፤ አምስት ተጨማሪ ቢገቡለት ደግሞ ወደ 47 ይወጣ ነበር። በዚህ ብዛት የእውነተኛ ችሎታው መጠን ከ31 እስከ 51 በመቶ ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሰፊ ክልል ነው፣ በአንደኛው ጫፍ ደካማ ወርዋሪ፣ በሌላኛው ጫፍ ድንቅ ወርዋሪ አለበት። በዚያ ላይ የኮሌጁ መስመር ከቀለበቱ ፊት ለፊት 6.75 ሜትር ሲሆን የኤንቢኤው 7.24 ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ ይርቃል። በኮርነር በኩል ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ 38ቱ ከየት ከየት እንደገቡ ከቪዲዮ ላይ ይለዩ።

ለዚህ ነው ስካውቶች የቅጣት ውርወራን አጥብቀው የሚያዩት። ጠባቂ የለም፣ ርቀቱ አይለወጥም፣ የሚታየው የእጁ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደፊት በባለ ሦስት ምን እንደሚሆን ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። የልጅዎ ከ120 ውስጥ 81፣ ማለትም 67.5 በመቶ ነው። ከላኩልን ሁሉ እኛን በጣም ያሳሰበን ይህ ቁጥር ነው፤ 41 በመቶው ከችሎታው በላይ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናልና። ሁለት ሰዎች እናንሳ። ካዋይ ሌናርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሳን ዲዬጎ ስቴት ሲወጣ ባለ ሦስቱ 30 በመቶ እንኳ አልሞላም ነበር፤ የቅጣት ውርወራው ግን 76 ገደማ ነበር፣ ክንዱ ሲዘረጋ 7 ጫማ ከ3 ኢንች ይደርስ ነበር። በ15ኛ ተመርጦ የውርወራ ስልቱ ሲስተካከልለት ታላቅ ተጫዋች ሆነ። ዴዝመንድ ቤን ደግሞ ክንዱ ከቁመቱ ያጠረ ነው፣ ለቦታው ትልቅ ጉድለት ነው። ግን በቲሲዩ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ቆይቶ ከ43 በመቶ በላይ በብዙ ሙከራ ስላስመዘገበ እጁን የሚጠራጠር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2020 በ30ኛ፣ ማለትም በአንደኛው ዙር መጨረሻ ቦታ ገባ። አንዱን በር ሰውነቱ ከፈተለት፣ ሌላውን የተረጋገጠ ውርወራው። ልጅዎ በየትኛው በር እንደሚገባ ገና አልለየም።

አሲስት 49፣ ያበላሸው ኳስ 71። ለዊንግ (በሜዳው ጎን ለሚጫወት) ተጫዋች ቢያንስ እኩል እንዲሆኑ እንፈልጋለን። ነገር ግን 71ዱ ሁሉ አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ ተቀምጠው ይለዩአቸው፦ ሲያንጠባጥብ ተነጥቆ ነው? ቅብብል አስቶ ነው? ሰው ገጭቶ ነው? ወይስ ረግጦ ከመስመር ወጥቶ ነው? ብዙዎቹ ሲያንጠባጥብ የተነጠቁ ከሆኑ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በኤንቢኤ ያን ያህል ማንጠባጠብ አይጠበቅበትም። የተበላሸ ቅብብል ከበዛ ግን ሜዳውን ዘግይቶ ያያል ማለት ነው፣ ይህ ቶሎ የሚታረም ነገር አይደለም። በ31 ጨዋታ 22 ኳስ ብቻ መንጠቁም ለቁመቱ ያንሳል። መንጠቅና ብሎክ ማድረግ ሰውነት ከዓይን ጋር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሠራ ስለሚያሳዩ፣ ከኮሌጅ ወደ ኤንቢኤ ይዘዋቸው ከሚያልፉ ቁጥሮች መካከል ናቸው።

ዕድሜ ስካውት በወር የሚቆጥረው ነገር ነው። በድራፍቱ ጊዜ ልጅዎ 21 ይሆናል። ከጎኑ 19 ያልሞላው ልጅ ይሰለፋል፣ ተመሳሳይ ቁጥር ይዞ። ቡድኑ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ዕድገት የሚያገኝበትን ትንሹን ይመርጣል። 22 ሆኖ ቢመለስ ታዲያ አይብስበትም ወይ ይሉ ይሆናል። ይብስበታል፣ ውርወራው ካልተሻሻለ። ከተሻሻለ ግን ትልልቆቹንም ይወስዳሉ፤ ጄለን ብራንሰን ቪላኖቫ ሦስት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በ33ኛ የተመረጠው ዳላስ ሥራውን ዛሬ ይሠራል ብሎ ስላመነ ነው። ሌላው የሚቆጠር ነገር ተጋጣሚ ነው። ዘንድሮ ከትልልቅ ሊጎች ቡድኖች ጋር ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ለብቻ አውጥተው ነጥቡን፣ ውርወራውንና ያበላሸውን ኳስ ይደምሩ። ስካውቱ መጀመሪያ የሚከፍተው እነዚያን ቪዲዮዎች ነው።

አሁን ወደ ሰውነቱ። የኮሌጅ ዝርዝር ቁመት ጫማ ጨምሮ፣ አንዳንዴም ምኞት ጨምሮ ይጻፋል። ቺካጎ ላይ በሜይ በሚደረገው ኮምባይን (የተጋበዙ ተጫዋቾች የሚለኩበትና የሚፈተኑበት ዝግጅት) የሚለካው በባዶ እግር ነው። ጫማ እስከ 3 ሴንቲሜትር ይጨምራልና 198 የተባለው ልጅ 194 ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ። እቤት ሲለኩት ጠዋት ሳይሆን ማታ ይሁን፤ ሰው ቀኑን ቆሞ ሲውል ትንሽ ያጥራል። ተረከዙን፣ ጀርባውንና ጭንቅላቱን ግድግዳ አስነክቶ ይቁም፣ ጠፍጣፋ መጽሐፍ ጭንቅላቱ ላይ ያድርጉና ምልክት ያድርጉ። ቀጥሎ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ክንዶቹን አግድም ይዘርጋ፤ ከአንዱ መካከለኛ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ይለኩ። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ክንድ በአማካይ ከቁመታቸው በ6 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ለ194 ሴንቲሜትር ልጅ 206 ማለት ነው። ሦስተኛው ልኬት ከሁሉ የተዘነጋው፣ እኛ ግን ከቁመትም የምናስቀድመው ነው፦ እግሩን ሳያነሳ አንድ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ የሚደርስበት ከፍታ። ሰው የሚከላከለው በጭንቅላቱ አይደለም። አንገቱ ረጅም፣ ትከሻው ዝቅ ያለ ልጅ ቁመቱ ቢያምርም እጁ የትም ላይደርስ ይችላል። የዝላይና የሩጫ ፈተናዎች አሉ፤ ብዙ አይጨነቁባቸው። ኬቨን ዱራንት እ.ኤ.አ. በ2007 ሙከራ ላይ 185 ፓውንድ ብረት አንድ ጊዜም መግፋት አልቻለም፣ ግን በሁለተኛነት ተመረጠ።

ለቪዲዮው አምስት ጨዋታ ይምረጡ፤ ሁለቱ የተሸነፉበት፣ ሁለቱ ከጠንካራ ቡድን ጋር የተደረጉ ይሁኑ። የጎሎቹን ቅንጭብጫቢ ይተዉት፣ እሱ ለዘመድ መላኪያ ነው። ሙሉውን ጨዋታ ከፍተው ኳሱን ሳይሆን ልጅዎን ብቻ ይመልከቱ። ወረቀት ይያዙና ሦስት ነገር ላይ መስመር ያስምሩ። አንደኛ፣ ኳስ ሲደርሰው ምን ያህል ያስባል? ወዲያው ከወረወረ፣ ካሳለፈ ወይም ከነዳ ጥሩ፤ ይዞ ቆሞ ካየ መጥፎ። ሁለተኛ፣ የሚጠብቀው ሰው ኳስ በሌለው ጊዜ ዓይኑ የት ነው? ሰውየው ከኋላው ሾልኮ ወደ ቀለበት የሮጠባቸውን ጊዜያት ይቁጠሩ። ሦስተኛ፣ ስቶ ወይም ተነጥቆ ባለ ጊዜ በሚቀጥሉት ሦስት ሰከንዶች ወደ ኋላ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ይለምናል? ይህን የመጨረሻውን ስካውቶች ይጽፉታል። ቡድኖች ከዚያ በላይ አሠልጣኙን፣ የሕክምና ባለሙያውን፣ ውሃ የሚያቀርበውን ተማሪ ሳይቀር ስለ ጠባዩ ይጠይቃሉ፤ በእነሱ ዘንድ የተሰጠ ክብር በገንዘብ አይገዛም።

ውርወራውን ለመፈተን ሜዳው ላይ 7.24 ሜትር በቴፕ ምልክት ያድርጉ። በአምስት ቦታ ሃያ ሃያ፣ በጠቅላላው 100 ይወርውር፤ በየአምስቱ ውርወራ መካከል ሜዳውን ደርሶ ይመለስ፣ እግሩ እንዲደክም። በባዶ ጂም ቆሞ ከ100 ውስጥ 60 ማግባት ብርቅ አይደለምና ውጤቱ ብቻ አያስደስትዎት። የሳታቸው እንዴት እንደሳተ ይጻፉ። አጥረው የሚቀሩ ከሆነ እግሩ ደክሟል፤ ሥልጠና ይፈታዋል። ወደ ግራና ቀኝ የሚሄዱ ከሆነ ክርኑ ወይም ደጋፊው እጅ ያዛባዋል፤ 67.5 በመቶውም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እርማቱ ወራት ይፈልጋል። ከዚያ በስልክ በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጸው ቀርፀው፣ ኳሱ እጁን ከነካበት እስከ ለቀቀበት ፍሬሞቹን ይቁጠሩ። ከ240 ካለፈ አንድ ሰከንድ አልፏል፣ ጠባቂው ደርሷል። ፈተናውን በሦስት የተለያዩ ቀናት ይድገሙት።

የድሮ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ጉዳት ካለው ኤምአርአዩንና የቀዶ ጥገና ወረቀቱን አሁኑኑ ይሰብስቡ። ቡድኖች ልብንና መገጣጠሚያን በጥልቀት ይመረምራሉ፤ የተደበቀ ጉዳት ሲገኝ ከጉዳቱ ይልቅ መደበቁ ይጎዳል።

እውነተኛ መልስ በነጻ የሚሰጥበት ቦታም አለ። ኤንቢኤ ከቡድን ኃላፊዎች የተውጣጣ፣ ገና ኮሌጅ ላይ ላሉ ተጫዋቾች ግምት የሚሰጥ ኮሚቴ አለው። ልጅዎ በኮሌጁ በኩል ሲያመለክት በሎተሪው (በመጀመሪያዎቹ 14 ምርጫዎች)፣ በአንደኛ ዙር፣ በሁለተኛ ዙር ይመረጣል ወይስ አይመረጥም የሚል ምስጢራዊ ምላሽ ይደርሰዋል። ከወንድምዎም ከደዋዩም በፊት ይህን ወረቀት ይጠብቁ። ምላሹ «ሁለተኛ ዙር» ወይም የተሻለ ከሆነ ስሙን ማስገባትና ከቡድኖች ጋር መለማመድ ይጠቅመዋል፣ ባይመረጥ እንኳ ጉድለቱን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቶ ይመለሳል። «አይመረጥም» ከሆነና ለኮምባይኑም ለጂ ሊግ (ከኤንቢኤ በታች ላለው ሊግ) ኤሊት ካምፑም ካልተጋበዘ፣ ስሙን አለማስገባቱን እንመክራለን።

ስም ካስገባ በኋላ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ የቀን ጉዳይ ነው። ሁለት የመውጫ ቀኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤንሲዳብልኤ፣ ያስቀመጠው ሜይ 28 ነበር፤ የኤንቢኤው ጁን 15። በኤንቢኤው ቀን የሚወጣ ልጅ ከድራፍቱ ይወጣል፣ ወደ ኮሌጅ ሜዳ ግን አይመለስም። ሁለተኛውን ቀን አምነው ተቀምጠው የኮሌጅ ዘመናቸውን ያጡ አሉ። የዚህን ዓመት ቀን ከኮሌጁ የደንብ ማስከበሪያ ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ኢሜይሉንም ያስቀምጡ።

ስለ ደዋዩ፦ ሕጋዊ ወኪል በኤንቢኤ ተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ ነው። ልጅዎ ወደ ኮሌጅ የመመለስ መብቱን እንዲጠብቅ ከፈለጉ ደግሞ በኤንሲዳብልኤም የተፈቀደለት መሆን አለበት። ሁለቱንም ስም በዝርዝሩ ላይ ራስዎ ይፈልጉ፣ በቃሉ አይመኑ። ክፍያው ከኮንትራቱ ላይ ቢበዛ 4 በመቶ ነው፤ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም «ዛሬ ካልፈረማችሁ» የሚል ሰው ስልኩን ይዝጉበት። ልጅዎ ሲመለስ ከወኪሉ ጋር ያለው ውል በጽሑፍ መፍረስ አለበት። አንድ ጥያቄም ያቅርቡለት፦ «የትኛው ቡድን፣ በየትኛው ቁጥር፣ ለየትኛው ሥራ ይፈልገዋል?» የቡድን ስም መጥራት ካልቻለ «አንደኛ ዙር» ያለው ባዶ ወሬ ነው።

ገንዘቡም እንዲህ ነው። በአንደኛ ዙር የተመረጠ የሁለት ዓመት ደመወዙ የተረጋገጠ ነው፤ 30ኛ የወጣ ልጅ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። ሁለተኛ ዙር ላይ ግን ማንም ቡድን የተረጋገጠ ገንዘብ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ብዙዎች በቱ ዌይ ኮንትራት (በኤንቢኤና በጂ ሊግ ተፈራርቆ በሚያጫውት ውል) ይገባሉ፤ ክፍያው በ2025/26 636,435 ዶላር ነበር፣ በኤንቢኤ ሜዳም ከ50 ጨዋታ በላይ አይሰለፍም። በጂ ሊግ ብቻ የሚጫወት ሰው በ2024/25 የተከፈለው 43,000 ዶላር ነበር። በሌላ በኩል ከጁላይ 2025 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፣ ለአንዳንዱ ልጅ ኮሌጅ መቆየት ከቱ ዌይ ይበልጥ ያስገኛል። ቀድመው ስማቸውን የሚያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ350 በላይ ሆነው በ2025 106 ብቻ የሆኑት በከፊል ኮሌጅ ውስጥ ከሚገኘው ገንዘብ የተነሣ ነው። ዲግሪውም በእግረ መንገድ ይጠናቀቃል፣ ይህ ለእናት ትንሽ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን።

አሠልጣኙን ስለ መጠራጠርዎ እንመለስ። ጥቅም አለው፣ አዎ። ግን ጥቅሙን መመርመር ይቻላል። ልጅዎ አብሮዎት ባለበት ይጥሩትና እነዚህን ይጠይቁት፦ በሚመጣው ዓመት ልጄ ኮርነር ላይ ቆሞ ስንት ባለ ሦስት ይወረውራል? ከተጋጣሚው ምርጥ ዊንግ ጋር እሱ ይመደባል ወይ? የቅጣት ውርወራውን ማን፣ በሳምንት ስንት ቀን ያርምለታል? በቁጥር የሚመልስ ከሆነ ይቆይ ያለው ለልጁም ነው። እኛ የምንጠብቀው ቢያንስ 180 የባለ ሦስት ሙከራ፣ ከ75 በመቶ በላይ የቅጣት ውርወራ፣ ከተበላሸው ኳስ የማያንስ አሲስት ነው። «እናያለን» ብሎ ካለፈው ግን የሚቆይበትን ኮሌጅ መለወጥም አማራጭ ነው፤ የዝውውር መመዝገቢያው መስኮት በ2025 ኤፕሪል 22 ላይ ተዘግቶ ነበርና፣ ይህን ንግግር ከድራፍቱ ጉዳይ አስቀድመው በዚህ ሳምንት ያድርጉት።